የነጣው ቸኮሌት

ሚያዝያ ገብቶ የቆርቆሮው ጣራ በሙቀት ሲንጣጣ፣ የቀለጠ ቸኮሌት ሽታ ይመጣብኛል፤ ያኔ ሳላስበው አመድ ነክቶት እንደሆነ እጄን አያለሁ።

መተማ ዮሐንስ፣ አክስቴ እትዬ ዘነቡ ቤት፣ የተቀመጥሁት ለትምህርት ነበር። ወላጆቼ ከኮኪት ወዲያ ሰሊጥ ያርሱ ነበር፣ ትምህርት ቤቱ ይርቃቸው ነበር። ክረምት ጭቃው መንገዱን ሲዘጋው ናፍቆት ያስለቅሰኝ ነበር፣ ግን ትምህርቱን ስለምወደው እችለው ነበር።

ሰሊጡ ታጭዶ ገበያው ሲደራ እትዬ ከድንበሩ ማዶ፣ ከሱዳኗ ገላባት፣ ቸኮሌት እያመጡ ይሸጡ ነበር፤ እንዳይቀልጥም ዚር ከምንለው የሸክላ ውኃ ማጠራቀሚያ ሥር በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው ያኖሩት ነበር። ጆንያውን ማርጠብ የእኔ ሥራ ነበር። አንድም ቀን ቀምሼ አላውቅም።

በጋው ሲከር አንድ ቀን፣ እትዬ ድንበሩ ላይ ከቀረጥ ሠራተኞች ጋር ሲከራከሩ ዕቃው ጋሪ ላይ ፀሐይ ሲመታው ዋለ። ማታ ዚሩ ሥር አኖርነው። በማግስቱ ሲፈቱት ቸኮሌቱ ነጭ ዱቄት ለብሶ ተገኘ።

«አመድ ነስንሰሽበት ነው!»

«እመቤቴን፣ እትዬ፣ አልነካሁትም።»

«አብልቼ አሳድሬ እጄ አመድ አፋሽ ይሁን? ሂጂ፣ አመዴ!»

የጎረቤት ልጆች ስሙን ከአፋቸው ለቀሙት። በሳምንቱ እትዬ ሰሊጥ ጫኝ መኪና ላይ አውጥተው ወደ ወላጆቼ ላኩኝ፤ አራተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ቀረሁ። መኪናው ላይ ሆኜ፣ አንድ ቀን አመዱን አበላቸዋለሁ ብዬ ማልሁ።

ልጄ ሸሕዲ ከተማ ትማራለች፤ ደብተሯን መያዟን ሦስት ጊዜ ሳልጠይቅ አልሸኛትም። አምና ይህን ነገር ስነግራት ሳቀች።

«እማ፣ አመድ አይደለም እኮ። ሲቀልጥ የራሱ ቅቤ ይወጣል፣ ሲረጋ ላዩ ላይ ይነጣል።»

«ሰው አይጎዳም? ሽማግሌስ?»

«አይጎዳም አልሁሽ። እንዲያውም መንፈስ የሚያነቃ ነገር አለበት ይላሉ፣ ቡና ውስጥ እንዳለው። ግን ትንሽ ነው።»

እትዬ ዛሬ አርጅተው፣ ጧሪ አጥተው እኔ ቤት ናቸው። ቸኮሌት ይወዳሉ። እኔም ገዝቼ ፀሐይ ላይ አቀልጠዋለሁ፣ ዚሩ ሥር አረጋዋለሁ፣ ነጥቶ ሲያልቅ በእጃቸው አኖርላቸዋለሁ።

«ምንድን ነው ይሄ የነጣው?»

«አመድ ነው፣ እትዬ።»

መጀመሪያ ቀን ቸኮሌቱን አዩት፣ እጄን አዩት። ከዚያ በሉት፤ ፊታቸው ፈካ።

ያኔ ለሰው ጆንያ አረጥብ ነበር፤ ዛሬ ዚሩም ጆንያውም የእኔ ነው። «በድዬሻለሁ» እስኪሉኝ ድረስ የነጣውን ይበላሉ። ደስ ቢላቸውም ግድ የለኝም፤ መንፈስ የሚያነቃው ነገር ትንሽ ነው ብላኛለች ልጄ።