በረዶው ጥሎት የሄደው ጨው

አረጋሽ በማስተምርበት የደባርቅ ትምህርት ቤት ክፍል ታጸዳለች። ባለፈው ታኅሣሥ፣ ውርጩ በጸናበት ሰሞን፣ በጎቿ ዓይናቸው ፈዝዞ እየተንቀጠቀጡ አለቁ። ከዚያ ቀደም ብሎ ጎረቤቷ ገበያነሽ በረቱ ደጃፍ ቆማ «እንዴት ያማሩ ናቸው!» ብላ ነበር፤ «ማርያም ትጠብቃቸው» አላለችም። አረጋሽ በለቅሶ ቤት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «በዓይኗ በላቻቸው» አለች። ከዚያ ወዲያ የገበያነሽን ጠላ የሚገዛ ጠፋ። ቤቷን ዘግታ መካነ ብርሃን ከተማ፣ እህቷ ዘንድ ገባች።

ዘንድሮ ስለ ዋልታ ባሕር ሳስተምር፣ ውርጭ ላይ ያሳደርኩትን የጨው ውኃ ክፍል አስገባሁ። አረጋሽ መጥረጊያዋን ይዛ በር ላይ ትጠብቃለች። ተማሪዎቹ የላዩን በረዶ ቀመሱ፤ ጨው የለውም ማለት ይቻላል። ከሥር የቀረው ውኃ ግን ምላስ ያቃጥላል።

«አያችሁ!» አልኩ። «ውኃ በረዶ ሲሆን ጨውን ጥሎ ነው። በዋልታ ዳርቻም ባሕሩ ሲረጋ፣ ጨው የበዛበት ቀዝቃዛ ውኃ ይቀራል። ይከብዳል፤ ከላይ ያገኘውን አየር ይዞ እስከ ባሕሩ ወለል ይወርዳል። ጥልቁ የሚተነፍሰው በዚህ ነው። አሁን ግን ዓለም ሲሞቅ የየብሱ በረዶ እየቀለጠ ዳርቻው ላይ ይፈስሳል። እሱ ጨው የለውምና የላዩን ውኃ ያቀለዋል፤ ቁልቁል የሚወርደው ይቀንሳል፤ ጥልቁም ይሞቃል፣ አየር ያጥረዋል።»

«መምህር፣» አለች አረጋሽ ከበሩ፣ «በረዶውን እየሰበሩ ቢጥሉትስ?»

«የቀረው ጨው ይበረታል!» አልኩ፣ ጥያቄው ደስ ብሎኝ። «በየቀኑ ከጣሉትማ መርዝ ይሆናል።»

ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። «ለበጎቼ ገንዳው ውስጥ ጨው በጥብጬ ነበር። እንዳይበርዳቸው ብዬ በየማለዳው በረዶውን እያወጣሁ ጣልኩ። ሌላ ውኃ አላጠጣኋቸውም።»

በማግስቱ መካነ ብርሃን ወረደች። ገበያነሽ ግቢ አላለቻትም።

«የገደላቸው ጨው ነው፤ አንቺ አይደለሽም፣ እቴ።»

«እኔ አለመሆኔንማ አውቃለሁ። በጎችሽስ ሞተው አረፉ። በለቅሶ ቤት የሰማሽን ሰው ሂጂና ንገሪ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አረጋሽ ተናገረች። በረዶውን፣ ጨውን፣ ገንዳውን አስረዳች። ሰጠኝ የሚባለው ጎረቤታችን ሳቀ፦ «ዘንድሮ ደግሞ ጨው ቡዳ ሆነ?» ሰዉም አብሮት ሳቀ። እሷ ግን በገበያ፣ በወፍጮ ቤት፣ ያገኘችውን ሁሉ እያስቆመች ትናገር ጀመር።

ባለፈው ሳምንት የገበያነሽ ቤት ቆርቆሮ ሲነቀል አየሁ፤ ቤቱን ሸጣው ኖሯል። አረጋሽ ከጣሪያው ሥር ቆማ፣ ወደ ላይ አንጋጣ፣ ለአናጢዎቹ ስለ ጨው እያስረዳች ነበር።