«የዶላሩ ድርሻ ቀንሷል» ያልኩ ዕለት

በደርግ ጊዜ ነው... ደብረ ብርሃን አንድ ባንክ ውስጥ ብድር ክፍል እሠራ ነበር። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሐጂ ይማም የሚባሉ የአልዩ አምባ ነጋዴ መጡ። የወፍጯቸው ሞተር ተቃጥሎ፣ መለዋወጫውን ከውጭ ለማስመጣት የውጭ ምንዛሪ ብድር ጠይቀው ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣው መልስ ግን «አይቻልም» ነው።

«ለምን ልጄ? ዱሮ ይሰጥ አልነበር?» አሉኝ።

እኔም ሳላስበው... «ሐጂ፣ ከምናበድረው ውስጥ የዶላሩ ድርሻ በየዓመቱ እየቀነሰ ነው። አሁንማ ሁሉም በብር ሆኗል» አልኳቸው።

ቀና ስል የቀበሌያችን ካድሬ ከኋላቸው ቆሟል። ደብተሩን አውጥቶ ጻፈና ወጣ።

በማግስቱ ጠመንጃ የያዙ ሁለት ሰዎች ከወንበሬ አስነስተው ወደ ቀበሌ ወሰዱኝ። ከባልደረቦቼ ቀና ብሎ ያየኝ የለም። ታላቅ ወንድሜ በዚያው ቀበሌ በር ገብቶ አልተመለሰም... እናቴ የቀረኋት እኔ ብቻ ነበርኩ።

«አገሪቱ ዶላር የላትም ብለሽ በሕዝብ ፊት ተናግረሻል። ማነው የላከሽ?» አለኝ ካድሬው።

«ማንም አልላከኝም» አልኩት። በዚያ ብርድ ላብ አጥምቆኛል...

ያኔ ሐጂን ካደሩበት ቤት አምጥተው ለምስክርነት አስገቧቸው። ያለቀልኝ መሰለኝ። ብድር የተከለከሉ ሰው ለምን ብለው ይሸፍኑልኛል?

«ድርሻው ቀንሷል አላለችዎትም?» አላቸው።

«ብላኛለች» አሉ ሐጂ። ዓይኔን ጨፈንኩ። «የኔ ድርሻ ነው የቀነሰው። የጠየቅሁትን ያህል አይሰጥም፣ በብር ይውሰዱ አለችኝ። እኔም እሺ ብዬ ዛሬ ልፈርም ነበር።»

ካድሬው ደብተሩን ደጋግሞ አነበበ። ከሰዓት በኋላ፣ ስለ ባንክ ሥራ ሁለተኛ አፌን እንዳልከፍት አስፈርሞ ለቀቀኝ።

ሐጂ ደጅ ቆመው ጠበቁኝ።

«በይ ባንክ እንሂድ፣ የብሩን ብድር አስፈርሚኝ» አሉኝ።

«ሐጂ፣ ብሩ ምን ያደርግልዎታል? ዕቃው እንደሆነ ያለ ዶላር አይመጣም።»

«ልፈርም ነበር ብያለሁ። መጥተው መዝገቡን ቢያዩስ?»

ፈረሙ። ወፍጮው ቆሞ ቀረ፤ እሳቸው ግን ለማይጠቅማቸው ብድር ሁለት ዓመት ሙሉ ወለድ ከፈሉ... በየወሩ ደረሰኙን የምቆርጥላቸው እኔው ነበርኩ።