የዐናብ እጅጌ

ጅጅጋ ባለው ዩኒቨርሲቲ፣ በባዮሜዲካል ሳይንስ ሦስተኛ ዓመት ክፍል ውስጥ፣ ደም በመቅዳት ዐናብን የሚያክላት አልነበረም። የሌሎቹ መርፌ ክንድ ውስጥ ገብቶ መንገድ ሲጠፋው የእሷ በአንዴ ደም ሥሩን ያገኛል። ጉዱ ሌላ ቦታ ነው። ተማሪ በተማሪ ክንድ ላይ እየተለማመደ በሚማርበት በዚያ ክፍል፣ ዐናብ የራሷን ክንድ ለማንም ሰጥታ አታውቅም። አንድ ቀን ጾመኛ ናት፣ አንድ ቀን ራሷን ያዞራታል፣ ሌላ ቀን ደግሞ ተራዋ ሲደርስ ሽንት ቤት ትሄዳለች። እጅጌዋ በሙቀትም በብርድም እስከ እጇ አንጓ እንደ ወረደ ነው። ለሙስሊም ልጅ ይህ ማንንም ስለማያስገርም ጠያቂ አልነበራትም።

ከእጅጌው ሥር ጠባሳ አለ። በሁለቱም ክንዶቿ፣ ከክርኗ ዝቅ ብሎ፣ የካፖርት ቁልፍ የሚያካክሉ ክብ ጠባሳዎች በረድፍ ተደርድረዋል። ልጅ ሳለች፣ በተወለደችበት በአፍደም፣ ዓይኗ ቢጫ ሆኖ የቀመሰችውን ሁሉ መመለስ ጀመረች። ያያት ሁሉ የወፍ በሽታ ነው፣ በጋለ ብረት ካልተተኮሰች አትተርፍም አለ። ድሬዳዋ የሚያደርስ መኪና ቢፈለግ ጠፋ። እናቷ ዐኒሳ የሌላ ሰው እጅ ይጨክንባታል ብላ ብረቱን አግላ ራሷ ተኮሰቻት። ከልጅቷ ይልቅ ያለቀሰችው እናትየዋ ነበረች ይባላል። ልጅቷም ዳነች። ከዚያ በኋላ ቤት እንግዳ በመጣ ቁጥር ዐኒሳ የልጇን እጅጌ ሰብሰብ አድርጋ «በነዚህ ነው የተረፈችልኝ» ትል ነበር፣ ሜዳሊያ የምታሳይ ይመስል።

ዐናብ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስለ ጉበት ስትማር ነገሩ ተገለበጠባት። ብዙ ሕፃን ከዚህ በሽታ በራሱ ጊዜ እንደሚያገግም፣ ብረቱ የሚጨምረው ቁስል ብቻ እንደሆነ አወቀች። መምህሩ የተተኮሰ ሕፃን ፎቶ ባሳየ ቀን ክፍሉ ሁሉ ሲዘገንነው፣ እሷ እጅጌዋን ወደ መዳፏ ሳበች። የዶርም ጓደኛዋ ሶልያና፣ የነቀምት ልጅ፣ አንዴ ዐናብ ለሶላት ስትታጠብ የጠባሳውን ጫፍ አየችና ምን እንደሆነ ጠየቀቻት። ዐናብም ዓይኗን ሳታሽ፣ ልጅ ሆኜ ሻይ ፈሶብኝ ነው አለቻት።

በዚያው ዓመት መምህር ደሬሳ ተማሪዎቹን ለማኅበረሰብ አገልግሎት ይዟቸው የወጣው፣ ከሌላ ቦታ ሁሉ፣ ወደ አፍደም ሆነ። የጉበት ቫይረስ ምርመራ ሊያደርጉ ነው። ትምህርቱን በሶማሊኛ እንድትሰጥ የአገሩን ልጅ መረጠ፤ ስለ መተኮስ ስታነሺ በለዘበ ቃል ይሁን፣ አታስቀይሚያቸው ብሎም መከራት። ዐናብ እንደምትመጣ ለእናቷ አልነገረችም። ሥራው ካለቀ በኋላ ብቅ እላለሁ ብላ ነበር ያሰበችው።

በድሮው ባቡር ጣቢያ መጋዘን ጥላ ሥር ሴቶች ተሰበሰቡ። ዐናብ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ ጀመረች። ቫይረሱ በደም እንደሚተላለፍ፣ እናት በወሊድ ጊዜ ለልጇ ልታስተላልፈው እንደምትችል አስረዳች። እስከዚህ ድረስ ማለፊያ ነበር። መተኮስ ላይ ስትደርስ ግን የመምህሯን ምክር ረሳች፤ ስትደብቀው የኖረችው ሁሉ ተጠራቅሞ በአፏ ወጣ። ልጇን በጋለ ብረት የምትተኩስ ሴት እናት አትባልም አለች።

የሴቶቹ አንገት በየተራ ወደ ኋላ ዞረ። ከመጨረሻው ረድፍ፣ የወተት ዕቃዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ዐኒሳ ተቀምጣለች። ልጅሽ መጥታ እያስተማረች ነው ሲሏት ከገበያ በቀጥታ ነው የመጣችው። ዐናብ አየቻት። አይታትም አላቆመችም። ባቆም ጓደኞቼ ያውቁብኛል ብላ፣ ድምፅዋ እንኳ ሳይሰበር፣ ትምህርቱን እስከ መጨረሻው አደረሰችው።

ያመጡት መመርመሪያ ከክንድ በሚቀዳ ደም የሚሠራ ነበር። ዐኒሳ ሌላ ጠረጴዛ እያለ መጥታ ልጇ ፊት ተቀመጠችና ክንዷን ዘረጋች። ያ ስቶ የማያውቅ መርፌ ሁለት ጊዜ ሳተ። አጠገቧ የምትሠራው ሶልያና፣ ሶማሊኛ ባትሰማም፣ የዞረውን አንገት ሁሉ አይታ ነበርና ሴትየዋ ማን እንደሆነች ጠየቀች። እናቴ ናት አለች ዐናብ፣ ቀና ሳትል። ሶልያና ደስ ብሏት ተነሥታ ሰላም አለቻት፤ ጨዋታ ለማምጣት ያህልም፣

«እማማ፣ ዐናብን ሻይ የፈሰሰባት ጊዜ መቼም ክፉኛ ደንግጠው ነበር» አለቻት።

ዐኒሳ ለባቡር ሠራተኞች ወተት ስትሸጥ የለመደችው አማርኛ ለዚህ አያንስም። ልጇን አየቻት። ልጅቷ አቀርቅራለች። ነገሩ ገባት።

«አዎ፣ ሻይ ነው» አለች። «እኔ ነኝ ያፈሰስኩባት። ያኔ አልተጠነቀቅኩም።»

ዐናብ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። በአገሯ ሰው ፊት እናት አይደለሽም የተባለች ሴት፣ ወንበሯ ላይ ገና ሳትደላደል የልጇን ውሸት ተሸከመችላት። እንባዋ እየመጣ፣ በሦስተኛው ሙከራ ደሙን ቀዳች።

ውጤቱ ሁለት መስመር ሆነ። ቫይረሱ አለባት። መምህር ደሬሳ መጥቶ፣ ይህ ማለት ዛሬ ታማለች ማለት እንዳልሆነ፣ ክትትል ግን እንደሚያስፈልጋት በእርጋታ ነገራትና ልጆች ካሏት እነሱም መመርመር እንዳለባቸው ጨመረ። ዐኒሳ ያላት አንዲት ልጅ ናት። ዓይኗ ወደ ዐናብ እጅጌ ሄደ፤ ቶሎ ብላም፣

«እሷ ጅጅጋ ትመርመር፤ እዚህ አይሁን» አለች።

አሁንም ልትከልላት ነው። ይሄኛውን ዐናብ መሸከም አልቻለችም። ወንበር ስባ ከእናቷ ጎን ተቀመጠችና እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ ክንዷን ለሶልያና ሰጠቻት። ሶልያና መርፌውን እንደያዘች ቆመች። ሻይ በረድፍ አይፈስም።

«ሻይ አይደለም» አለች ዐናብ። «ታምሜ ልሞት ስል እናቴ ናት የተኮሰችኝ። ዋሽቼሻለሁ።»

ሶልያና በቀስታ ቀዳች። የዐናብ ውጤት አንድ መስመር ብቻ ሆነ፤ ነፃ ናት። ዐኒሳ የራሷን ውጤት ስትሰማ ያላሳየችውን እንባ ያን ጊዜ አፈሰሰች፤ አልሐምዱሊላህ እያለች የልጇን እጅ ሳመች።

ምን ተገኘ ብለው ሴቶቹ ቀረብ ቀረብ አሉ። ዐናብ ያንኑ እውነት በሶማሊኛም ልትነግራቸው ከወንበሯ ተነሣች። እናቷ ግን ቀደመቻት። ያንን ጠባሳ ለእንግዳ ሁሉ ስታሳይ የኖረችው ሴት እጅጌውን በሁለት እጇ ይዛ እስከ ልጇ አንጓ ጎተተችው።

«ሸፍኚው ልጄ» አለቻት በሹክሹክታ። «ሰው ያየዋል።»