ልጄን የሚያስቅ መጽሐፍ

ቅናት ነው። ሌላ ስም አልሰጠውም። ሌላዋ በባሏ ትቀናለች፤ እኔ በልጄ ሳቅ ቀናሁ።

ዘጠናዎቹ መግቢያ ላይ፣ ሲኤምሲ ስንኖር፣ የባሌ ታናሽ እህት ሥራ ፍለጋ ከደሴ መጥታ እኛ ጋ አረፈች። ከሰዓት ልጄን ከትምህርት ቤት የምታመጣት እሷ ሆነች። ታክሲ የሚይዙት ላምበረት ነው። እዚያ አስፋልት ዳር ሸራ ላይ መጽሐፍ ዘርግተው የሚያከራዩ ሽማግሌ ነበሩ። ልጄና አክስቷ ከሳቸው አንድ ይከራዩና ያነባሉ፤ በማግሥቱ መልሰው ሌላ ይይዛሉ። ከሥራ ስገባ የሚቀበለኝ የሁለቱ ሳቅ ነው። ፈተና ላይ ሆን ብሎ የሚያስነጥስ ተማሪ፣ ሰልፍ ላይ ሱሪው የሚወልቅ ተማሪ፣ የሚያነቡት ሁሉ የተማሪ ቤት ጉድ ነው። "እማዬ፣ አክስቴ ስታነብ ብትሰሚያት!" ትለኛለች። አልሰማም! ምን በወጣኝ!

እኔም እኮ እገዛላት ነበር። ፒያሳ ድረስ ሄጄ፣ አዲስ፣ ሽፋኑ የሚያብረቀርቅ፣ በየምዕራፉ መጨረሻ ጥያቄ ያለበት። በላስቲክ ለብጬ አነብላታለሁ። ቅዳሴ የምትሰማ ይመስል ጸጥ ብላ ታዳምጠኛለች፤ ስጨርስ "አመሰግናለሁ እማዬ" ትልና ወደ አክስቷ ትሮጣለች። አንድ ቀን ባሌን "እህትህ ልጄን ቀማችኝ" ብለው፣ "ደሞ ለተረት መጽሐፍ!" ብሎ አሾፈብኝ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ! ቆይ ብቻ አልኩ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ለማንም ሳልናገር ላምበረት ሄድኩ። ሽማግሌውን "አባቴ፣ ለስምንት ዓመት ልጅ የሚሆን፣ ስለ ተማሪ ቤት የሚያስቅ አለዎት?" አልኳቸው። አንድ ቁልል አሳዩኝ። ይሄኔ ብልጠቴ መጣ። ንጹሑ ማንም ያልወደደው ነው፤ የተበጣጠሰው ግን ልጆች የተሻሙበት ነው ብዬ ከሁሉ የተጎሳቆለውን አነሳሁ። ጀርባው በፕላስተር ተይዟል፣ ጥጉ በእጅ ብዛት ጠቁሯል። አንድ ልጅ ዶሮ በቦርሳው ደብቆ ትምህርት ቤት ያስገባል፤ ዶሮዋ አምልጣ የዳይሬክተሩ ወንበር ላይ እንቁላል ትጥላለች። እዚያው ቆሜ ሳነብ ሳቅ አመለጠኝ። "አልከራይም፣ ይሽጡልኝ" አልኳቸው። የኪራዩ የሷ ነው፤ የኔው እቤት ይቀራል።

ከምሳ በኋላ ልጄን ሳሎን አስቀመጥኳት። መጽሐፉን ስታይ በፕላስተር የተያዘ ጀርባውን በጣቷ ዳሰስ አደረገች። ማንበብ ጀመርኩ።

ሳቀች! እሰይ! በየገጹ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ጓዳ ያለችው አክስቷ እንድትሰማ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። ይኸው ስሚ፣ አልኩ በሆዴ፣ እኔም እችልበታለሁ!

ዳይሬክተሩ ስለ ንጽሕና ንግግር አድርገው ሲጨርሱ ወደ ወንበራቸው መሄድ ጀመሩ። ገጹን ልገልጥ ጣቴን በምራቄ ሳረጥብ ልጄ በሳቅ ፍርስ አለች።

ገና እኮ ምንም አልሆነም። ሰውዬው አልተቀመጡም፤ ወንበሩ ላይ እንቁላል እንዳለም ገና አልተነገረም። ያ ሁሉ የሚመጣው ባልገለጥኩት ገጽ ላይ ነው።

ይህን መጽሐፍ ከአክስቷ ጋር ጨርሳዋለች። ያን ሁሉ ገጽ የሳቀችው ለኔ ብላ ነው።

እጄ ገጹ ላይ ቀረ። ሳቋን አቆመችና ፊቴን አየች፤ ከዚያ ጠጋ ብላ ጉልበቴን መታ መታ አደረገችኝ።

"ቀጥዪ እማዬ" አለችኝ፤ "አንቺም እኮ ጎበዝ ነሽ።"