ለአስተናጋጇ የተላከው ጉርሻ

ሮቤ ውስጥ ለአስተናጋጅ ጉርሻ መስጠት ያልተጻፈ ሕግ አለው። ወንድ ከሆነ በእጁ ታስጨብጠዋለህ። ሴት ከሆነች ሂሳቡ በመጣበት ሳህን ላይ ትተህላት፣ ዞር ብለህ ሳታይ ትወጣለህ። ካበዛህ «ምን ፈልጎ ነው?» ትባላለህ፤ ካሳነስህ ደግሞ ቋጣሪ ትባልና ወሬው ካንተ ቀድሞ ቤትህ ይገባል። ከተማው ትንሽ ነው፤ ዛሬ ምሳ ያቀረበችልህ ልጅ ነገ ገበያ ላይ ፊት ለፊት ትገጥምሃለች። እኔ ደግሞ ከእናቴ ጋር ጨርቅ ቤት ስለምሠራ ነገሩ ይብስብኛል። የማላውቃት አስተናጋጅ የለችም፤ ሁሉም ሻርፕ የሚገዙት ከኛ ነው።

ሊያገባኝ የፈለገው ሰው ይህን ሁሉ አያውቅም ነበር። የወሎ ልጅ ነው። ሲናና ምርምር ማዕከል በስንዴ ላይ ሊመራመር ተመድቦ መጣ፣ መጋረጃ ሊገዛ ሱቃችን ገባ፤ ለአንዲት መስኮት መጋረጃ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ እናቴን ጠይቋት። ሁሉን ነገር አስቦና አሰላስሎ ካልሆነ አያደርግም። ምሳ በልተን ስንጨርስ ሂሳቡን ያያል፣ አስተናጋጇን ያያል፣ ኮርኒሱን ያያል፣ እንደገና ሂሳቡን ያያል። እኔ እስከዚያ አንድ ሙሉ ጣቃ ጨርቅ ለክቼ እሸጥ ነበር። አስቦ አስቦ የሚሰጠው ደግሞ ሁልጊዜ ይበዛል። «ልጅቷ መሬት ልትገዛበት ነው?» ስለው በሚቀጥለው ያሳንሳል፤ «አዋረድከኝ» ስለው መልሶ ያበዛል። ልኩን አግኝቶት አያውቅም። እውነቱን ለመናገር፣ ልኩ ስንት እንደሆነ እኔም ነግሬው አላውቅም።

በስልክ መክፈል ሲመጣ ተገላገልን አልን። የሆቴሉ ባለቤት ቁጥር ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ ስልክህን ነካካ ነካካ ታደርጋለህ፣ ሂሳቡ ይሄዳል፣ አለቀ። መልስ የሚባል ነገር የለም። መልስ ከሌለ ደግሞ ሳህኑ ላይ የሚቀር ነገር የለም። አንድ ቅዳሜ እንደዚሁ በስልኩ ከፍሎ ብድግ አለ። አስተናጋጇ ባዶውን ሳህን አነሳችና ፈገግ አለችልኝ። ያን ፈገግታ አውቀዋለሁ፤ ጨርቁን ሁሉ ከመደርደሪያ አስወርዶ «ዞሬ እመጣለሁ» ለሚለኝ ሰው እኔም የምሰጠው እሱኑ ነው። መንገድ ላይ ልክ ልኩን ነገርኩት።

«ከእንግዲህ ወዲህ እንዲህ አድርገህ ስሜን እንዳታስነሳ!»

«እሺ» አለ። ስቆጣው የሚለው ይህችኑ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ምሳ ልንበላ እዚያው ቤት ተመለስን። በማግስቱ እሁድ ሽማግሌዎቹ አባቴ ዘንድ ሊመጡ ነበር። እናቴ ልቧ አልተቀበለውም። ጨርቅ እያጠፈች «የመንግሥት ሠራተኛ ዝውውሩ እስኪመጣለት ነው የሚያፈቅር» ትለኛለች። እኔም ስሟገትለት ነው የከረምኩት። «ይኼ ሰው ምስጢር የለውም» እላታለሁ። እውነቴን ነው፤ ስልኩ ከወደቀበት ወዲህ በላውድ ስፒከር ካልሆነ አይሰማም። ከእናቱ ጋር ሲያወራ ሚኒባሱ በሙሉ ሰላምታ ይመልስላታል። እንዲህ ያለ ሰው ምን ሊደብቅ ይችላል?

ሩዝ በሥጋ በላን። ስንጨርስ እጄን ልታጠብ ወደ ጓሮ ሄድኩ። ስመለስ አስተናጋጇ ጠረጴዛችን አጠገብ ቆማለች፤ እሱ ስልኩን ይዞ አንገቱን ደፍቷል። «ዜሮ ዘጠኝ...» ስትል ሰማኋት። እሱ ይጽፋል። ቁጥሩን ጨርሳ ቀና ስትል ከኔ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ወዲያው አቀረቀረችና ሳህኖቹን ሰብስባ ሄደች። እሱም ስልኩን ጥቂት ነካክቶ ኪሱ ከተተው።

እጄ ገና አልደረቀም ነበር። ተናደድኩ፣ ቀናሁ፤ ከሁለቱም በላይ ግን ፈራሁ። እናቴ ልክ ልትሆን ነው ብዬ ፈራሁ።

ከምሳ በኋላ ጎባ መሄድ ነበረብን። ታላቅ እህቴ ያገባችው እዚያ ነው፤ ለነገው ዝግጅት ከእሷ ቤት ድስትና ትሪ ልንወስድ ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

«ከልጅቷ ጋር ምን ታወሩ ነበር?» አልኩት፣ ድምፄን እንደምንም አለሳልሼ።

«ምንም» አለና ወደ መስኮቱ ዞረ። እጁ የጆሮውን ጫፍ ይዟል።

መዋሸት አይችልበትም። መጋረጃው ለመስኮቱ አጠረ ብሎ ተመልሶ የመጣ ጊዜም ጆሮውን እንደያዘ ነበር። ያኔ አስቆኝ ነበር፤ አሁን አላሳቀኝም። ከሮቤ ጎባ መንገዱ አጭር ነው፣ በዚያች አጭር መንገድ ግን ያልተጀመረ ትዳሬን አፍርሼ ጨረስኩ። ለእህቴ የምላትን በልቤ ደረደርኩ፤ «ለአባባ ደውዪለት፣ ነገ የሚመጣ ሽማግሌ የለም በዪው» እላታለሁ። አባቴ በግ ገዝቷል። ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል። ብተወው የሰፈር መሳቂያ እሆናለሁ፤ ባልተወው ደግሞ ዕድሜ ልኬን እጄን ልታጠብ በተነሳሁ ቁጥር ወደ ኋላዬ እያየሁ እኖራለሁ። መሳቂያ መሆኑ ይሻለኛል አልኩ። ከመስኮቱ ውጪ ስንዴው አሽቷል፤ እሱ እንደ ልማዱ ዓይኑን ተክሎ ያየዋል። ስንዴውም አናደደኝ።

ጎባ ስንወርድ ከሳነቴ ተራራ በኩል ደመናው ወርዶ ማካፋት ጀምሮ ነበር። ወደ እህቴ ቤት የሚወስደውን ዳገት ወጣን። በሩ ላይ ስንደርስ ቆምኩ። ለእህቴ ከመንገሬ በፊት ለራሱ ልንገረው፣ ቢያንስ ከኋላው አልማው አልኩ።

«ስማ» አልኩት። «ነገ...»

ስልኩ ጮኸ።

የማያውቀው ቁጥር ነው። ሲያነሳው እንደ ልማዱ መንደሩ ሁሉ ሰማ። ከእህቴ አጥር አጠገብ ካለች ኪዮስክ ጣሪያ ሥር ዝናቡን የተጠለሉ ሁለት ሴቶች ወሬያቸውን አቁመው ዞሩ።

«ሄሎ!» አለ የሽማግሌ ድምፅ። «ለኔ ብር የላክኸው አንተ ነህ?»

«አቤት? ማን ልበል፣ አባቴ?»

«ማን እንደሆንኩማ ስትልክ ስሜን አይተሃል!»

«ሲም ካርዱ በአባቷ ስም የወጣ መስሎኝ ነው እኮ» አለ ግራ ገብቶት።

«አባቷ አይደለሁም፣ አጎቷ ነኝ! ልጅቷ ወንድ ሲያስቸግራት የኔን ቁጥር ነው የምትሰጥ። እኔው ነኝ የመከርኳት። ማታ ማታ ይደውላሉ። ‹እንዴት ነሽ የኔ ቆንጆ?› ይሉኛል። ‹ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ፣ አንተስ?› እላቸዋለሁ። ይዘጉታል። ሳይደውል ብር የላከ ግን አንተ የመጀመሪያው ነህ። ምን ፈልገህ ነው?»

«ቲፕ ነው፣ አባቴ!»

«ምንድነው እሱ?»

«ጉርሻ! ምሳ በልተን... ጥሬ ብር አልያዝኩም ነበር። ሂሳቡ ላይ ጨምሬ ብልከው ደግሞ ለባለቤቱ ይሄዳል እንጂ ለእሷ አይደርሳትም። ለዚህ ነው ቁጥሯን የጠየቅኋት።»

«የምሳውን ግማሽ? እንዲህ ያለ ጉርሻ የት አገር አለ? ልጅቷን ደውዬ ጠይቄያታለሁ እኮ። ‹እጮኛው እጇን ልትታጠብ እስክትነሳ ጠብቆ ነው ቁጥሬን የጠየቀኝ፤ ያቺ የጨርቅ ቤቷ ልጅ አሳዘነችኝ› ነው ያለችኝ!»

ሁለቱ ሴቶች ወደ እኔ አዩ። እሱ ግን ወደ እኔ አላየም። መሬት መሬት እያየ፣ እኔ የሌለሁ ይመስል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለስልኩ መናገር ጀመረ።

«የጠበቅኩትማ እንዳታየኝ ነው። ባለፈው ሳትሰጥ ወጣህ ብላ ተቆጥታኛለች። የባለፈውንም ደመርኩበትና በዛ። ስንት ሰጠህ ብላ ከጠየቀችኝ ደግሞ አበዛህ ብላ ትቆጣኛለች። ልኩን አላውቀውም፣ አባቴ። አስቤ አስቤ አቃተኝ።»

እፎይ አልኩ። ከምሳ ሰዓት ጀምሮ ደረቴ ላይ የተጫነኝ ነገር ሁሉ ባንዴ ወረደልኝ፤ የእህቴን አጥር ይዤ ቆምኩ። ልጅቷ ዓይኗን ከኔ ያሸሸችው አዝናልኝ ነው ለካ። እሷንም ልቀየማት አልቻልኩም፤ ጨርቅ ሳይገዙ ስልኬን ለሚጠይቁኝ ወንዶች እኔ የምሰጣቸው ከሱቃችን ፊት ለፊት ያለውን የልብስ ሰፊውን ቁጥር ነው። እስካሁን ልብስ ሰፊው አላማረረም፤ እንዲያውም አንዳንዶቹ ሱሪ አሰፍተዋል።



«እጮኛህ የት ናት?» አሉ ሽማግሌው።

«እዚህ... አጠገቤ ናት።»

«ስጣት!»

ስልኩን ሰጠኝ። ሽማግሌው ከኔ ጋር ያወሩት በኦሮምኛ ነው። ሰላምታችን ረዘመ። «ነጋ?» ሰላም ወይ፣ ቤተሰቡ ሰላም፣ ከብቱ ሰላም፣ ዝናቡስ እናንተ ጋ እንዴት ነው ተባባልን። የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ስነግራቸው፣ ከአባቴ ጋር አንድ ጊዜ ወደ ሼክ ሁሴን መቃብር ለዚያራ አብረው እንደሄዱ አስታወሱ። ድምፃቸው ለሰለሰ።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። «ይኼ ሰው የሚለው እውነት ነው?»

«እውነት ነው። መዋሸት አይችልበትም።»

«ላንቺስ ምንሽ ነው?»

እዚህ ላይ ተያዝኩ። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ገብቶ አባቴ እሺ እስኪል ድረስ ሰውየው ምኔም አይደለም፤ መጋረጃ የገዛ ደንበኛ ነው። እኔም ዳገቱን የወጣሁት ደንበኛ ሆኖ እንዲቀር ልነግረው ነበር። ሁለቱ ሴቶች አፌን አፌን ያያሉ። እሱ ከጣሪያው ሥር መግባት እንኳ ረስቶ ዝናቡ ይወርድበታል።

«አባ መና ኮ» አልኩ። ባለቤቴ ነው ማለት ነው።

«እንግዲያው ጉርሻ አታብዛ በዪው» አሉ። «ይኼን ብር ለልጅቷ አደርሳለሁ። ሌላ ጊዜ ግን አንቺው በእጅሽ ስጫት። ሴት ለሴት ስትሰጥ ማን ምን ይላል? ረቢ ያቀናላችሁ።»

ይህን ያህል ዘመን ሮቤ ኖሬ ይህን አላሰብኩትም ነበር። ያን ሁሉ ቅዳሜ እሱ ኮርኒስ ሲያይ እኔ እጄን አጣጥፌ ተቀምጬ ስፈርድበት ነው የከረምኩት።

ስልኩን መለስኩለት። ሳቄ መጣ፤ ዕንባዬም አብሮት መጣ። የኪዮስኳ ሴቶችም ሳቁ፤ አንደኛዋማ «እኛንም ምሳ ጋብዘን!» አለችው። እህቴ ድምፃችንን ሰምታ በሩን ከፈተች።

«ዝናብ ላይ ቆማችሁ ምን ያስቃችኋል? ምን ተገኘ?»

«ትልቁን ድስት አውጪልን» አልኳት። «ነገ እንግዳ አለብን።»

እህቴ ወደ ውስጥ ተመለሰች። እሱ ግን ከቆመበት አልተነቃነቀም። ኦሮምኛው ብዙ አይደለም፤ ስንዴ ማለት ያውቃል፣ የስንዴውን በሽታ ዋግን ማለት ያውቃል። ነገር ግን ሲናና ውስጥ ገበሬ ፍለጋ ቤት ባንኳኳ ቁጥር ሴቶቹ «አባን መና ሂን ጅሩ» እያሉ ነው የሚመልሱት፤ ባለቤቴ የለም ማለታቸው ነው። ያቺን ቃል ከየትኛውም ቃል በላይ ሰምቷታል።

«ሽማግሌው ምን ጠየቁሽ?» አለኝ፣ ፈገግታው ፊቱን ሞልቶት። «አንቺስ ምን አልሻቸው?»

«ምንም» አልኩትና ወደ ተራራው ዞርኩ።