የበራሪ ሳህኑ መጽሐፍ ልባድ

ወፍራም ወረቀት ሲታጠፍ የሚያሰማው ድምፅ እስከ ዛሬ ልቤን ድንግጥ ያደርገዋል። ባኮ ውስጥ በምሠራበት ትምህርት ቤት፣ መስከረም በመጣ ቁጥር የቤተ መጻሕፍቱን መጻሕፍት የምንለብደው እኔና አንዲት ባልደረባዬ ነን፤ እሷ እጥፋቱን በአውራ ጣቷ ጥፍር ተጭና ስትስበው ያ ድምፅ ይመጣና፣ እኔ መቀሱን አስቀምጬ፣ ወጣ ብዬ ነፋስ ተቀብዬ እመለሳለሁ። «ሙቀቱ አልተስማማሽም» ትለኛለች። አልነገርኳትም እንጂ የሚያስወጣኝ የባኮ ሙቀት አይደለም፣ የአምቦ ፍርሃት ነው።

ያኔ የምንኖረው አምቦ ነበር፤ አሥር ዓመቴ ነበር። አባቴ መርጋ፣ የሰፈሩ ሰው በኦሮምኛ «ባርሲሳ»፣ መምህር፣ እያለ የሚጠራው የፊዚክስ አስተማሪ፣ ከአዲስ አበባ አሮጌ መጻሕፍት ተራ የገዛው አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበረው። ግማሹ በወረቀት ላይ ተነድፈው ሳይሠሩ ስለቀሩ የሙከራ አውሮፕላኖች ነበር፤ ክንፋቸው እንደ ሰፌድ ክብ የሆነ፣ ጅራት የሌላቸው፣ ቀጥ ብለው ቆመው የሚነሡ። ግማሹ ደግሞ ስለ በራሪ ሳህን የሚካሄደው ክርክር ነበር፤ በግራ ገጽ አየን የሚሉት ይናገራሉ፣ በቀኝ ገጽ ደግሞ ያያችሁት ደመና ነው፣ ፊኛ ነው፣ ምናልባትም በስውር የተሞከረ ክብ አውሮፕላን ነው የሚሉት ይመልሳሉ።

በክረምት ትምህርት ሲዘጋ፣ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር፣ አባዬ መነጽሩን አድርጎ እየተረጎመ ያነብልኝ ነበር። የእያንዳንዱ አውሮፕላን ታሪክ በአንድ ቃል ያልቅ ነበር፤ ጦርነቱ ስላበቃ አልተሠራም፣ ሞተር ስላልተገኘለት አልተሠራም፣ አለቃው ስለተቀየረ አልተሠራም። እማዬ ከጓዳ ሆና «እንደ እኛ ኩሽና በለኛ» ትለው ነበር፤ ኩሽናችን በአባዬ ራስ ውስጥ ተሠርቶ ካለቀ ዓመታት አልፈው፣ መሬት ላይ ግን አንድ እንጨት አልቆመም ነበር።

ወደ በራሪ ሳህኑ ስንሻገር ግን ሳቄ ይጠፋ ነበር። ወንጪ ያለው በተራራ የተከበበ ሐይቅ ሳህኑ አርፎ የተነሣበት ጉድጓድ ነው ብዬ ለራሴ ስለወሰንኩ፣ በዚያ በኩል ክብ ደመና ባየሁ ቁጥር አልጋ ሥር እገባ ነበር። አባዬ ጎንበስ ብሎ፣ «መፍራት ትችያለሽ ሲፈን፤ መጀመሪያ ግን ያላመንሽበትን ወገን ይዘሽ ተከራከሪኝ» ይለኝ ነበር። እኔም እየተንቀጠቀጥኩ፣ ከአልጋው ሥር ሆኜ፣ ደመና ነው፣ ደመና ደግሞ ሲነፍስ ቅርጹ ይለወጣል እያልኩ እከራከርና፣ አንዳንዴ ፍርሃቴ ይቀንስልኝ ነበር። ሁልጊዜ አይደለም።

በዚያው ክረምት በምድር ላይ ያለው ከሰማዩ የባሰ ነበር። ከተማው ታውኮ፣ መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ አንድ ቀን እየተዘጋ፣ ከጊንጪ ይመጣል የተባለ አውቶቡስ ሲቀር ሰው ምክንያቱን ጮክ ብሎ አይጠይቅም ነበር። ማለዳ በአጥራችን ሥር ወረቀት ተበትኖ እናገኝ ነበር፤ በኦሮምኛ የተጻፈ፣ በእነዚህ ቀናት ገበያ እንዳትወጡ፣ መኪና እንዳታንቀሳቅሱ የሚል። ያ ወረቀት ቤቱ የተገኘበት ሰው ይወሰድ ነበር። እማዬ ቶሎ ቶሎ ለቃቅማ ምድጃ ውስጥ እየከተተች «አላየሽም፣ እሺ?» ትለኝ ነበር፤ አላየሁም እላት ነበር። ግን አይ ነበር። እኔ የማየው ደግሞ ጽሑፉን ሳይሆን ጀርባውን ነበር፤ ነጭ፣ ንጹሕ፣ አንድም ነገር ያልተጻፈበት ጀርባ።

መስከረም ሲጠባ ደብተርና መጽሐፍ መለበድ በቤታችን የእኔ ሥራ ነበር። የአምናው የቀን መቁጠሪያ፣ ጋዜጣው፣ የሲሚንቶ ከረጢቱም ሳይቀር ለደብተሮቼ አለቀና፣ የአባዬ መጽሐፍ ብቻ ጥግ ጥጉ ተበልቶ እንደተራቆተ ቀረ። ላስደስተው ፈለግሁ። ከእማዬ ምድጃ ደብቄ ያስቀረኋቸውን አራት ወረቀቶች አወጣሁ፤ ጽሑፉን ወደ ውስጥ፣ ነጩን ወደ ውጭ አድርጌ፣ በዱቄት ሙጫ አገጣጥሜ ለበድኩትና ከላዩ በእስክሪብቶ ክብ አውሮፕላን ሣልኩበት። አባዬ ግንባሬን ስሞ «ይሄኛውስ ተሠርቷል» አለኝ። ጽሑፉ ወደ ውስጥ ስለገባ የሌለ መስሎኝ ነበር፤ የልጅ ነገር ነው።

ጥቅምት ገብቶ፣ የሰፈሩ ጭቃ ደርቆ መንገዱ ሲጠና፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ፍተሻው እኛ ቤት ደረሰ። የቀበሌው ሰው ከፊት፣ መለዮ የለበሱ ሦስት ሰዎች ከኋላ ሆነው ገቡ። የቀበሌው ሰው እማዬን ላለማየት ወደ ጣራው እያየ «ኦቦ መርጋ፣ አትቀየሙን፣ ሁሉም ቤት ነው» አለ። ፍራሹ ተገለበጠ፣ ሣጥኑ ተከፈተ፣ የጤፉ ማዳበሪያ በእጅ ተበረበረ። ከዚያ አለቃቸው የሚመስለው ረጅም ሰውዬ ከመደርደሪያው ላይ ያን መጽሐፍ መዘዘ፤ ያን ጊዜ ልባዱ ውስጥ ያለው ጽሑፍ ቃል በቃል ትዝ አለኝ፤ የበሩን መቃን ያዝኩ።

«ይሄ ምንድነው?» አለ ረጅሙ ሰውዬ፣ ክቡን አውሮፕላን እያሳየ።

«አውሮፕላን ነው» አለ አባዬ። «ማለቴ፣ ያልተሠራ አውሮፕላን።»

«ካልተሠራ ማን አይቶ ሣለው?»

«ማንም አላየውም። ሐሳብ ነው።»

ሰውየው ጥቂት ገጾች ገለጠ፣ አባዬን አየው፣ መጽሐፉንም ዘጋው። «ይሄ ከእኔ ጋር ይሄዳል። ሰኞ ጠዋት መጥተህ ታስረዳለህ።»

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄደን፣ ጉባኤው ሲዘምር እኔ ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቅስ ነበር። ጌታ ሆይ ልባዱን አይገንጥሉት አልኩ፤ ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም። ብናገር እማዬ በድንጋጤ ትሞታለች፣ ባልናገር አባዬ ይወሰዳል፤ በሁለቱ መካከል ምላሴ ታሰረ። እህል አልወርድ ሲለኝ እማዬ ምች ነው ብላ ዳማከሴ ጨምቃ አጠጣችኝ።

ሰኞ ጠዋት አባዬ ያችን አንድ ኮቱን ለብሶ፣ ክብ ክንፍ አየርን እንዴት እንደሚይዝ ለራሱ እያነበነበ ወጣ። የፈራ አይመስልም ነበር፤ የጫማውን ክር ግን ሁለት ጊዜ ፈትቶ አሰረ። ተከትዬው እስከ አጥሩ በር ሄድኩ።

«አባዬ።»

«ወይ።»

«ልባዱን የለበድኩት እኔ ነኝ።»

ከዚያ በላይ አልወጣልኝም። አባዬ የምኮራበት መስሎት ሳቅ አለ። «አውቃለሁ እኮ። ከጠየቁኝ ልጄ ናት እላቸዋለሁ» አለና ሄደ።

ስድስት ሰዓት ሆነ፣ አልመጣም። የታሰረ ሰው የሚበላው ከቤቱ ስለሚሄድለት፣ እማዬ ምንም ሳትናገር ምሳ ዕቃውን አጥባ ምግብ መቋጠር ጀመረች፤ ያን ጊዜ አባቴን እንዳሳሰርኩት እርግጠኛ ሆንኩ። ልነግራት አፌን ስከፍት የአጥሩ በር ሲጢጥ አለና አባዬ መጽሐፉን በብብቱ ይዞ ገባ። እማዬ ፊቱን አየች፤ እኔ ግን መጽሐፉን ነበር ያየሁት። ነጩ ልባድ የለም። በቢሮ ካኪ ፖስታ፣ ጥግ ጥጉ በጥንቃቄ ታጥፎ፣ እንደ አዲስ ተለብዷል።

«ብቻውን ነበር» አለ አባዬ፣ ውኃ ጠጥቶ ከተቀመጠ በኋላ። «በሩን ዘጋና ገጽ በገጽ አስረዳኝ አለኝ። ይሄስ ለምን አልተሠራም፣ ይሄኛውስ እያለ ረፋዱ አለቀ። ማን ነበር የለበደው ሲለኝ፣ ልጄ ናት፣ አሥር ዓመቷ ነው አልኩት። መጽሐፉን መለሰልኝና፣ ‹ንገራት፣ ሁለተኛ በደህና ወረቀት ትለብድ› አለኝ። ሙጫሽን ሳይንቀው አልቀረም፣ ሲፈን።»

እማዬ ሳቀች። እኔ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

በጋው ሙሉ ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። የሚያውቅብኝ ሰው በከተማው ውስጥ ይመላለስ ነበር፤ መለዮ ባየሁ ቁጥር መንገድ እቀይር ነበር። ጥር ላይ ገበያ ውስጥ ሙዝ ሲመርጥ አየሁትና ከእማዬ ቀሚስ ኋላ ተደበቅኩ፤ እሱ እኔን የሚያውቅበት ምክንያት አልነበረም፣ ሙዙን ገዝቶ ሄደ። በልግ ሲገባ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ ተባለ። ስሙን እንኳ አላወቅኩም።

ባለፈው ክረምት አምቦ ሄጄ ልባዱ ውስጥ የነበረውን፣ ሰውየውም አይቶ እንደማረን ማመኔን ለአባዬ ነገርኩት። ጡረታ ወጥቷል፤ ኩሽናውም አልተሠራም። ሰምቶኝ ሲያበቃ የሻይ ብርጭቆውን ሳይጠጣ አስቀመጠ፤ ያን ሰኞ ሊፈራው የሚገባው ፍርሃት ከስንት ዓመት በኋላ ገና መድረሱ ነበር። ከዚያ እንደ ጥንቱ «እስቲ ተቃራኒውን ወገን ያዢ» አለኝ። ሞከርኩ። ልባዱ በመንገድ ተቀዶ ይሆናል፣ ሌላ ሰው ጽሑፉን ሳያይ ጥሎት ይሆናል፣ ስለ ደህና ወረቀት የተናገረውም እንዲሁ ለጨዋታ ይሆናል አልኩ። ሰውየው አራቱን ወረቀቶች የት እንዳደረሳቸው ያየ ምስክር የለም፤ ምንም ማስረጃ የለኝም።

«አልቻልኩም አባዬ» አልኩት።

«እኔም» አለ። መጽሐፉንም አንሥቶ ሰጠኝ።

አሁን መጽሐፉ ባኮ ነው ያለው፣ ከነ ካኪ ልባዱ። አንዳንድ ቀን ከሰማይ ቀጭን የሞተር ድምፅ ሲሰማ፣ በቤተ መጻሕፍቱ ያሉ ልጆች ንባባቸውን ያቆማሉ። እንደ እኔ ደመና ይሁን ሳህን ይሁን ብለው የሚከራከሩ አይደሉም፤ ምን እንደሆነ ያውቁታል፤ ድሮን ነው። ያኔ ከሰማይ የሚመጣውን ስፈራ የመጣው በበር ነበር፤ ፊት ነበረው፣ ጠየቀ፣ መልስ ሰማ፣ ወረቀቱን ገልጦ አየና የልጅ ሥራ መሆኑን ለየ። የዛሬው ከላይ ሆኖ ልጅን በምን እንደሚለይ እኔ አላውቅም። ልጆቹን ከመስኮቱ አርቄ መሬት ላይ አስቀምጣቸዋለሁ፣ መጽሐፉንም አወጣና፣ ድምፁ እስኪርቅ ድረስ ስላልተሠሩት አውሮፕላኖች አነብላቸዋለሁ።