«ይቃጠል» የተባለው ወረቀት

የበደለችኝ ርዕሰ መምህሯ ናት። ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሐይቅ ከተማ ውስጥ በአንድ የኪራይ ክፍል፣ በአንድ ሰሌን ላይ አብረን የተኛን ጓደኛዬ ናት። የበደለችኝም ጦርነቱ አልፎ ትምህርት ቤታችን ዳግም በተከፈተበት ዕለት፣ ረፋድ ላይ፣ በሰልፍ ሜዳው፣ ወላጅና ባለሥልጣን በተሰበሰበበት ነው። ስሟን አልጽፍም። የሐይቅ ሰው ያውቃታል፤ ለማያውቃት ደግሞ ስሟ ምን ያደርግለታል።

ሁለታችንም የአምባሰል ገበሬ ልጆች ነን። አምባሰል ሲባል ሰው ሁሉ ዘፈኑን ያስባል፤ እኔ የማስበው ዳገቱን ነው። ዓርብ ከክፍል ስንወጣ ዳገቱን ይዘን ወደ ቤት፣ እሁድ በሶና ቆሎ ተሸክመን ወደ ከተማ። የእኔ እናት ስንቅ ሁልጊዜ ቀድሞ ያልቅ ነበር፤ ምክንያቱም መብላት የምንጀምረው ከእኔ ነው። ያኔ ይህ አልታየኝም። ሒሳቡን የምሠራላት እኔ ነበርኩ፤ እሷ ደግሞ ታሪኩን በቃሏ ይዛ እስክተኛ ታነበንብልኝ ነበር። ጥሩ ድምፅ ነበራት። ዛሬም አላት።

ማትሪክ ተፈተንን። እሷ አለፈች፣ እኔ በጥቂት ቀረሁ። በዚህ አልከሳትም፤ ፈተና ፈተና ነው። ያልረሳሁት ሌላ ነው። ውጤቱን የሰማነው ከተማ ሆነን ነበር። «አባቴን አግባብቼ አንድ ዓመት ደግሜ ልፈተን እስክለው ድረስ ዝም በይ» ብዬ ለመንኳት። እሷ ግን ቀድማኝ ወጥታ፣ ከቤታችን ደጃፍ ላይ ሆና ለአባቴ ነገረችው። ስደርስ አባቴ ቀና ብሎም አላየኝ። በማግሥቱ፣ ሲመላለሱ ለከረሙት ሽማግሌዎች እሺ አላቸው።

«ምነው?» አልኳት፣ ልትሰናበተኝ ስትመጣ።

«ሲጠይቁኝ ልዋሽ? ሐራም አይደለም እንዴ?» አለችኝ።

እሷ መምህርነት ልትማር ሄደች፤ እኔ ተዳርኩ። ባሌ ክፉ ሰው አልነበረም። ልጃችን ዳዴ ማለት ስትጀምር ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት። ሞተም ብሎ የነገረኝ የለም፣ አለም ያለኝ የለም። ጥቂት ዓመት ጠብቄ ልጄን አዝዬ ወደ ሐይቅ ወረድኩ፤ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወረቀቴም የትምህርት ቤቱ ሪከርድ ሠራተኛ ሆኜ ተቀጠርኩ። ቦታው ክፍት መሆኑን የነገረችኝ እሷ ናት። ደበቅሽ እንዳትሉኝ ይህንንም ጽፌዋለሁ።

ሪከርድ ክፍል ማለት አንዲት መስኮት ያላት ጠባብ ቤት ናት። የተማሪው ማህደር አለ፣ የየዓመቱ ውጤት የሚሰፍርበት ሮስተር የምንለው ትልቅ መዝገብ አለ፣ እኔ አለሁ። ዓመት ሄዶ ዓመት ሲመጣ ሰው የሚያውቀኝ በመስኮቷ በኩል ነበር። ጂዳ ለመሄድ የሚነሳ፣ ሥራ ያገኘ፣ ዲግሪውን አጣርተህ አምጣ የተባለ ሁሉ ይመጣል። ሮስተሩን ገልጬ፣ ከማህደሩ ጋር አመሳክሬ ውጤቱን እገለብጥለታለሁ። ልጄም ከዚያችው መስኮት ወረቀቷን ይዛ ጂዳ ሄደች። አለቀ፤ ሥራዬ ይኸው ነው።

ከጦርነቱ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ ለውጡ ሲመጣ የነበረው ርዕሰ መምህር ተነሣና እሷ ተሾመች። በየሳምንቱ ስብሰባ ነበር። በሰው ፊት «ወይዘሮ» ትለኛለች፤ ሪከርድ ክፍል ገብታ በሩን ስትዘጋ «አንቺ» ነኝ። አልተቀየምኩም። በማህደሯ በዕድሜ ሁለት ዓመት ታንሰኛለች፤ በሰሌኑ ላይ ግን እኩያ ነበርን። ይህንን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፣ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ከዚያ ጦርነቱ ወደ እኛ ቀረበ። ከወልድያ በኩል የተፈናቀለው ሕዝብ የመማሪያ ክፍሎቹን ሞልቶ ከርሞ ነበር። ጥቅምት ሲጋመስ እሱም ተነሣ፤ ከተማውም ተከትሎት ወደ ደሴ ይጎርፍ ጀመር። መንገዱ ላይ ፍራሽ የተሸከመ፣ በግ የሚጎትት፣ ሽማግሌ ያዘለ። ትምህርት ቤቱ ግቢ ብቻዬን ቆሜ ደወልኩላት።

«የት ነሽ?»

«ኮምቦልቻ ደርሻለሁ። ልጄ ዘንድ አዲስ አበባ ልሄድ ነው። አንቺስ ወጣሽ?»

«ሮስተሩ ምን ይሁን?»

«የምን ሮስተር?»

«የተማሪው ውጤት ነዋ።»

«አንቺዬ፣ ጤናም የለሽ እንዴ? ሰው ነፍሱን ይዞ ይሮጣል አንቺ ወረቀት ትያለሽ! ይቃጠል! ወላሂ ይቃጠል፤ ነፍስሽን አውጪ!»

«ቁልፉ እኔ ጋ ነው።»

«ቁልፉንም ጣይው!»

ለእኔ አዝና ይሆናል። ሊሆን ይችላል። ያለችው ግን ይህንን ነው።

ጎረቤቴ ትታው ልትሄድ የነበረችውን አንድ አህያ ሰጠችኝ። ሮስተሮቹን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልዬ ጫንኩ። ቤቴ ስደርስ አህያው ሌላ ጭነት አይችልም። ሳጥኔ ውስጥ የባሌ ፎቶ ነበረች፤ ያለችኝ አንዲት ፎቶ ናት። እሷን ለይቼ ማውጣት በጥድፊያው አልመጣልኝም፤ ሳጥኑን ነገ ተመልሼ እወስደዋለሁ አልኩና በሩን ቆለፍኩ። በአርዲቦ በኩል ወደ እኅቴ መንደር ወጣሁ። በማግሥቱ መንገዱ ተዘጋ። ቤቴን ሰብረው ሲገቡ ሳጥኑም አብሮ ሄደ።

እኅቴ ከረጢቶቹን ስታይ ስንዴ መስሏት ደስ አላት። ወረቀት መሆኑን ስነግራት «አላህ ያሳይህ! አገር ሲጠፋ ሰው ጤፍ ያሸሻል፣ እሷ የሰው ልጅ ውጤት ይዛ መጣች» ብላ ለባሏ ነገረችው። ባሏ ሳቀ። ከዚያ ሦስታችን ሆነን ጎተራው ሥር ከተትናቸው፤ ማሽላውን በላያቸው መለስን።

አርባ ቀን ያህል እዚያ ቆየሁ። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ታጣቂዎች መጡ። ጎተራው ውስጥ ምን እንዳለ ጠየቁ።

«ማሽላ ነው። ውሰዱ፣ ለልጆቼ ትንሽ ተዉልኝ» አለቻቸው እኅቴ።

እየዛቁ ወሰዱ። እኔ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ መስበሃ መቁጠሪያዬን እቆጥር ነበር። ስንተኛው ላይ እንደደረስኩ አላውቅም። ከሮስተሮቹ በላይ አንድ ክንድ ያህል ማሽላ ሲቀር ጠግበው ይሁን ከረጢት አልቆባቸው ሄዱ። የእኅቴ ልጆች ያንን ሰሞን ጦማቸውን ያደሩበት ቀን አለ። ለምን ብላ እኅቴ አልጠየቀችኝም። ስልክ እንደተከፈተ ልጄ ከጂዳ ደወለች፦ «እማ፣ ለወረቀት ብለሽ ብትሞቺ ለሰው ምን ብዬ ልናገር ነበር?»

ስመለስ ሪከርድ ክፍሉ በር አልነበረውም። ማህደሮቹ ግቢው ውስጥ ተበትነዋል፤ ግማሹ እሳት ነድዶበታል፣ ግማሹን ዝናብ መትቶታል። ሮስተሮቹን በዚያው አህያ አመጣኋቸው። ርዕሰ መምህሯ ከአዲስ አበባ ስትመለስ አቀፈችኝ፤ አለቀሰችም። «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር» አለችኝ። ይህንን ያለችኝ ለብቻችን ሆነን ነው።

የመክፈቻው ቀን ድንኳን ተተከለ። ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች መጡ። ማይኩን ይዛ ስለ ጠረጴዛው ተናገረች፣ ስለ ጣሪያው ተናገረች፣ ከዚያ «የትምህርት ቤታችንን ታሪክ ግን አላስነካንም» አለች። «አመራሩ አስቀድሞ ባደረገው ዝግጅት ሮስተሮቹን በሙሉ አሽሽተን አትርፈናል» አለች። ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔም ሳላውቀው እጄን አንሥቼ ነበር። ባለሥልጣኑ የምስጋና ወረቀት ሰጣት፤ ጋቢም አለበሳት። ስሜ ይጠራል ብዬ ጠበቅሁ። የፅዳት ሠራተኞች ተመሰገኑ። ጥበቃው ተመሰገነ። ከዚያ ለስላሳ ታደለ።

ከሰዓት በኋላ ቢሮዋ ገባሁ። ጋቢውን ወንበሩ ላይ አድርጋው ነበር።

«አስቀድሞ የተደረገው ዝግጅት የቱ ነው?» አልኳት።

«ውይ፣ አንቺ ደግሞ! የንግግር ነገር ነው። ያንቺን ስም ለይቼ ብጠራ ሌላው ይከፋዋል። የጋራ ሥራ ነው እኮ።»

«የጋራ ከሆነ ጋቢውን ለምን ለብቻሽ ለበስሽው?»

ሳቀች። «ብርድ ከያዘሽ ውሰጂው!»

«ይቃጠል ብለሽኝ ነበር።»

«እኔ?» አለች። ፊቷን አየሁት። ስትዋሽ ድሮ አይኗን ትሰብር ነበር፤ አሁን አልሰበረችም፣ ውሸት አልነበረም። ረስታዋለች። «ሐቢብቲ፣ ያኔ ማን ምን እንዳለ ማን ያስታውሳል? ሁላችንም አብደን ነበር። በዚህ ዕድሜሽ ለጭብጨባ ብለሽ ከእኔ ጋር ልትጣይ ነው?»

አልተጣላሁም። ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ለጡረታ አንድ ዓመት ያህል ቀርቶኝ ነበር፤ ያንን ዓመት የተበተነውን ማህደር ስለቅም፣ ሳደርቅ፣ ስሰፋ ጨረስኩት። ምንም አይሰማኝም ነበር። ምሳ ሰዓት ሲደርስ የምበላው ርቦኝ ሳይሆን ሰዓቱ ስለደረሰ ነበር። ያላዘንኩት ግን ለራሴ ብቻ አይደለም፤ ለእሷም አላዘንኩም። ሌላው ልጇ በመኪና አደጋ ተጎድቶ ደሴ ሆስፒታል ሲተኛ ሠራተኛው ሁሉ ሄዶ ጠየቀው። እኔ አልሄድኩም።

ማህደሮቹን ስደረድር የመሥሪያ ቤቱን ሥርዓት አልተከተልኩም። መጀመሪያ ላይ ተንኮል አልነበረበትም። ቁጥራቸው በዝናብ ጠፍቶ ነበር፤ በስም እንዳልደረድር በእኛ አገር የራሱም፣ የአባቱም፣ የአያቱም ስም አንድ የሆነ ልጅ በዓመት አራትና አምስት ይመዘገባል። ስለዚህ በመንደር ደረደርኩ። የሐይቁ ዳር ልጆች ከመስኮቱ ሥር፣ የአርዲቦ በኩል በቀኝ፣ የአምባሰል ዳገት ልጆች ከላይ፣ የገበያው ሠፈር ከበሩ ኋላ። በየመንደሩ ውስጥ ደግሞ በየወንድማማቹና በየዘመዱ። ማን የማን ልጅ እንደሆነ ወረቀቱ አይናገርም፤ እኔ ግን ለሠላሳ ዓመት በመስኮቷ በኩል ከነእናታቸው አይቻቸዋለሁ። በጽሑፍ ያሰፈርኩት ነገር አልነበረም። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ መዝገብ ላይ ልጽፈው አስቤ ብዕር አነሣሁ። መልሼ አስቀመጥኩት። ከዚያች ቀን ጀምሮ ተንኮል ነው።

የጡረታዬ ቀን ሮስተሮቹን፣ ማህተሙንና ቁልፎቹን ቆጥሬ በፊርማ አስረከብኩ። «ሌላ የሚቀር አለ?» አለኝ የተረከበው ሰው። «የለም» አልኩት። ርዕሰ መምህሯ ስለ እኔ ንግግር አደረገች፤ በዚያን ቀን ስሜን ከነአባቴ ጠራችው። የግድግዳ ሰዓት ሰጡኝ። ለእኅቴ ላክሁላት።

ሁለት ወር ሳይሞላ ስልክ መጣ። አላነሣሁም። ከዚያ ራሷ ቤቴ ድረስ መጣች፤ ሙዝ ይዛ ነበር።

«አንቺዬ፣ ማህደሩን እንዴት ነው የደረደርሽው? ሰው ወረቀቱን ሳያገኝ እየተመለሰ ነው፤ እኛ ላይ ይጮሃሉ። ሮስተሩ ከማህደሩ ጋር ካልተመሳከረ ወረቀት መስጠት አንችልም።»

«አርጅቻለሁ። ረሳሁት» አልኳት።

«አንቺ? አንቺ ትረሻለሽ?»

«ያኔ ማን ምን እንዳደረገ ማን ያስታውሳል።»

ገባት መሰለኝ። ሙዙን በረንዳው ላይ አስቀምጣ ሄደች። በስብሰባ ላይ የቀድሞዋ ሪከርድ ሠራተኛ ክፍሉን አበላሽታ ነው የሄደችው ማለቷን ሰማሁ። አላስተባበልኩም።

ሰዎች አሁን ቤቴ ይመጣሉ። ስማቸውን አልጠይቅም፤ መንደራቸውን እጠይቃለሁ። ከየትኛው መደርደሪያ፣ ከስንተኛው ረድፍ እንደሆነ በብጣሽ ወረቀት ጽፌ እሰጣቸዋለሁ፤ ይዘው ይሄዳሉ፣ ያገኛሉ። የአደራደሩን ሥርዓት ለትምህርት ቤቱ አልጻፍኩም። ለእሷም አልጻፍኩም።